ከመስኮቱ ወዲህ፣ ከመስኮቱ ወዲያ

ሰፈሩ «ጠብታ» ይላት ነበር። ስሙን ያወጣላት የገዛ ሥራዋ ነው፤ ብርጭቆ የሚመስል፣ ግን ብርጭቆ ያልሆነ፣ የዝናብ ጠብታ የሚያህል የአንገት ጌጥ ትሠራለች። በውስጡ አንዲት የአበባ ቅጠል ወይም የሣር ዘር እንደተንሳፈፈች ትቀራለች። ሬዚን የሚባለውን እንደ ማር የሚዝለገለግ ፈሳሽ ከማጠንከሪያው ጋር ትቀላቅላለች፣ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ታፈሰዋለች፣ በማግስቱ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃታል። መጀመሪያ ለራሷ ሠራች፤ ከዚያ ለጎረቤት፣ ከዚያ ለጎረቤቷ ዘመድ፤ በኋላ ከሌላ ሰፈር ሁሉ ቤቷን እያጠያየቁ የሚመጡ በዙ።

የምትኖረው ከባሏና ከባሏ አባት ጋር ነው። ባሏ የኤሌክትሪክ መስመር ዘርጊ ስለሆነ ምሰሶ የሚተከልበት አገር ድረስ ይሄዳል፤ ይመጣል፤ የታጠበው ልብሱ ሳይደርቅ ደግሞ ይጠራል። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ ጠብታና አማቷ።

አማቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰው ሁሉ «ሾፌሩ» የሚላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ትልቅ ስል በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ቁመታቸው በር ያስጎነብሳቸዋል፣ መዳፋቸው ሰሃን ያህላል። ወሬ ግን የላቸውም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ «አውቶቡሱ ውስጥ ‹ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው› የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ነቅሎ ግንባሩ ላይ ለጥፎት መጣ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ያቺው ትንሿ ወሬም አለቀች። ጠዋት «እንዴት አደርሽ፣ ሙሽሪት?» ማታ «ደህና እደሪ።» ካገባች ስንትና ስንት ዓመቷ፣ ለሳቸው አሁንም ሙሽሪት ናት። በጠዋትና በማታው መሀል ያለውን የሚሞላው ሬዲዮ ነው። ጠብታም ታፍራቸዋለች። ይውደዷት ይጥሏት አታውቅም።

የምትሠራው ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ያልደረቀ ሬዚን ላይ አቧራ ካረፈ ተጣብቆ ስለሚቀር መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋዋለች። ጓንት አታደርግም፤ «ጓንት ሳደርግ እጄ ይደነብርብኛል» ትላለች። ጣቷ ሲጣበቅ በአልኮል ጠረግ አድርጋ ትቀጥላለች። የደረቀውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍገው ነጩ ብናኝ ሽፋሽፍቷ ድረስ ያለብሳታል፤ አንዳንዴ በሻርፗ ጫፍ አፍንጫዋን ትሸፍናለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ትረሳዋለች። ጠርሙሱ ላይ ስለ ጓንት፣ ስለ ንጹሕ አየር፣ ስለ ጭምብል ተጽፏል። አንብባዋለች። ያነበበችው ግን ለሌላ ሰው የተላከ መልእክት እንደሚነበብ ነው።

ነገሩ የጀመራት በማሳከክ ነው። መጀመሪያ በጣቶቿ መሀል ሽፍ አለባት። ሳሙና ቀየረች። ከዚያ ወደ አንጓዋ ወጣ፤ ቅባት ቀባችው። አንድ ቀን ጠዋት ግን ስትነሳ ዓይኖቿ አብጠው አልከፈት አሏት። እየዳበሰች ወደ ሳሎን ስትወጣ ሾፌሩ «እንዴት አ—» ብለው አቋረጡት።

«ማነው የመታሽ?»

«ማንም አልመታኝ፣ አባባ። እንዲሁ ያሳክከኛል።»

ፊቷን በደንብ አዩት። ከዚያ ሬዲዮውን አጠፉና «ጫማሽን አድርጊ» አሉ።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጠብታ በጠበበው ዓይኗ የምታየው የሳቸውን ቀኝ እግር ነበር፤ የሚነዳው ወጣት መታጠፊያ ላይ በፈጠነ ቁጥር ወለሉን ጠበቅ አድርጎ ይረግጣል። ሐኪም ቤት መሄዱ አስፈርቷት ነበር፤ ያ እግር ግን እንደምንም ልቧን አረጋጋላት።

የቆዳ ሐኪሟ አጠር ያለች፣ ፈጠን ያለች ሴት ናት። እጇን እያገላበጠች «ሥራሽ ምንድነው?» አለቻት። ጠብታ ነገረቻት። ሐኪሟ ቆዳዋ የሚቆጣበትን ነገር የሚለየውን የምርመራ ልጣፍ ጀርባዋ ላይ ለጥፋ፣ በሌላ ቀጠሮ አይታ፣ ቁርጡን ነገረቻት።

«ቆዳሽ ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ ታግሶታል። አሁን ግን ጠላቴ ነው ብሎ ለይቶታል። ቆዳ ደግሞ ቂመኛ ነው፤ አንዴ ከለየ አይረሳም።»

«ከዛሬ ጀምሮ ጓንት ባደርግስ?»

«ከመጀመሪያው ብታደርጊ ኖሮ ምናልባት እኔና አንቺ አንተዋወቅም ነበር። በአልኮል መጥረጉም ደግሞ ይብሱን ወደ ውስጥ ነው የሚያስገባው፤ በሳሙናና በውኃ ነበር መታጠብ። አሁን ትነቱም፣ ሲፈገፈግ የሚወጣው ብናኝም ብቻውን ሊያሳምምሽ ይበቃል። ፈሳሹ ያለበት ክፍል አትግቢ።»

«የደረቀውንስ መያዝ እችላለሁ?»

«ድርቅ ብሎ ከጨረሰ ምንም አይልሽም። ክፉው ጥሬው ነው።»

ጠብታ አንገቷን ደፋች። ያኔ እስከዚያች ሰዓት ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት ሾፌሩ ድምፃቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ዶክተር፣ ሌላ ሰው ቢነካውስ? ለሷ ይተርፋል?»

«በሌላ ክፍል ከሆነ፣ ሰውየውም ልብሱን ቀይሮ ታጥቦ ከወጣ፣ አይተርፍም።»

ሾፌሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠብታ የጠየቁት ለቤቱ ሰግተው መሰላት።

ቤት ስትደርስ ጠርሙሶቹን አማቷ በካርቶን አሽገው ወደ ግቢው መጋዘን ወሰዱላት። በእጇ የቀረው የሰው ዕቃ አንድ የክብሪት ቀፎ ብቻ ነበር። ያመጣችላት ከሌላ ሰፈር የመጣች ፀጉር ሠሪ ናት። ውስጡ መርፌ አለ፤ መርፌው ላይ ቀይ ክር። የፀጉር ሠሪዋ እናት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ያን ክር ያስገቡት ሊሞቱ ሰሞን ነው፤ ሳይሰፉበት ቀሩ። «ክሩ እየሾለከ ነው» ብላት ነበር ፀጉር ሠሪዋ። «አንድ ቀን ወጥቶ ይቀራል። መልሼ ላስገባው እችላለሁ፤ ግን ያኔ ያስገባሁት እኔ ነኛ።» በሬዚን ውስጥ እንዳለ እንዲቀመጥላት፣ ከሱቋ መስታወት ሥር እንድታቆመው ነበር የፈለገችው።

ጠብታ ቀፎውን ይዛ ወደ ሳሎን ወጣች። «አባባ፣ ይህን ለባለቤቷ ልመልስ ብዬ ነው። መንገዱን ያውቁት እንደሆነ...»

ሾፌሩ ቀፎውን ተቀብለው ከፈቱት። መርፌውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ምኑ?»

«ይሄ ነገርሽ።»

«አባባ፣ እርስዎ?»

«ምነው፣ እጅ የለኝም?»

«እጅዎማ አለ፤ እንዲያውም ተርፏል» አለች ጠብታ። ከአፏ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች። ሾፌሩ ግን መዳፎቻቸውን ዘርግተው አዩአቸውና ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እየሳቁ ነበር። ድምፅ አልነበረውም እንጂ ሳቅ ነበር።

ጠብታ ግን በአንድ ነገር አልበገር አለች። «እኔን ያየ ካልተማረ ምን ዋጋ አለው? አንድ ነገር ካጎደሉ አላስተምርም።» ሾፌሩ «እሺ፣ አለቃዬ» አሉ። መጋዘኑን ጠረጉት። በአንድ በኩል ያለውን መስኮት ከፍተው አየሩን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ገጠሙበት፤ በሌላ በኩል ያለው የማይከፈት መስታወት የጠብታ ቦታ ሆነ። ናይትራይል የሚባለውን፣ ኬሚካል የማያሳልፈውን ሰማያዊ ጓንት ገዙ፤ የመጀመሪያው በመዳፋቸው ላይ ተተረተረ፣ ትልቁን ቁጥር ፈልገው መጡ። ባለ ሁለት ማጣሪያ ጭምብል፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ እጅጌው ረዥም የሆነ የድሮ የሥራ ካፖርታቸው። ሁሉን አድርገው ሲወጡ የጎረቤት ድመት አጥር ዘላ ጠፋች።

ሥራው በጩኸት ነበር የተጀመረው። ጠብታ ከመስታወቱ ውጭ ቆማ «ቀስ! ቀስ አድርገው ያማስሉ! አረፋ ያስገባሉ!» እያለች ትጮሃለች። የጎረቤት ሴት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ሾፌሩ ምግብ ማብሰል ጀመሩ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። በጭምብልና በመስታወት በኩል የሚሰማው ደግሞ ግማሹ ነው። በመጨረሻ ሾፌሩ ወጡና ጭምብላቸውን ዝቅ አድርገው መላ አመጡ።

«አትጩሂ፣ ጉሮሮሽን ትጎጃለሽ። ትኬት ቆራጩ አንድ ጊዜ ሲያንኳኳ እቆም ነበር፤ ሁለቴ ሲያንኳኳ እሄዳለሁ። ዕድሜዬን የኖርኩት በዚሁ ነው።»

ከዚያ ወዲህ በጣቷ መስታወቱን ታንኳኳለች። አንዴ፣ ቁም። ሁለቴ፣ ሂድ።

የመጀመሪያው ሙከራ ሳይደርቅ ቀረ፤ ሾፌሩ መጠኑን በሚዛን ሳይሆን እንደ ሞተር ዘይት በዓይናቸው ገምተውት ነበር። «ሁለት እጅ ከዚህ፣ አንድ እጅ ከዚያ፤ በሚዛን» አለቻቸው። ተቀበሉ። በሁለተኛው ደግሞ ሚዛኑን በትክክል ተጠቀሙ፤ ግን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ መቀላቀሉ ስላሰለቻቸው፣ ለብዙ ቅርጽ እንዲበቃ ብለው ትልቁን ኩባያ ሞሉት። ጠብታ የሌላውን ሁሉ ስትነግራቸው ይህን አልነገረቻቸውም፤ እሷ መቼም ሞልታ ስለማታውቅ ትዝም አላላት።

ሾፌሩ ቅርጽ ማውጫዎቹን ሲደረድሩ ኩባያው ከኋላቸው መሞቅ ጀመረ። መጀመሪያ ቀጭን ጭስ ታየ። ቀጥሎ ኩባያው ጎበጠ። ጠብታ መስታወቱን አንኳኳች። አንዴ። ደግሞ አንዴ። ሾፌሩ ዞረው አዩትና እጃቸውን ሰደዱ።

«አይንኩት!» አለች፤ አልሰሟትም። ሳታስበው እግሯ ወደ በሩ ሮጠ። እጇ መዝጊያውን ያዘ።

«እንዳትገቢ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከሾፌሩ ወጥቶ አያውቅም። ጠብታ መዝጊያውን ለቀቀች። «ራቂ! ከበሩ ራቂ!» እስከ አጥሩ ጥግ ድረስ ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያ በሩ ተከፈተና ሾፌሩ ኩባያውን በአካፋ ላይ አድርገው፣ እንደ ተኛ ሕፃን ሳያነቃንቁ ተሸክመው ወጡ። ነፋሱ ወደ ሌላ በሚወስድበት በኩል ባዶ ሲሚንቶ ላይ አስቀመጡትና ጥለውት ሸሹ። ኩባያው እያጨሰ ቀለጠ፤ ውስጡ ያለው ቢጫ ሆነና ድው ብሎ ተሰነጠቀ።

ሁለቱ በግቢው ሁለት ጫፍ ቆመው ተያዩ። ሾፌሩ ጓንታቸውን እንዳስተማረቻቸው ከውስጥ ወደ ውጭ ገልብጠው አወለቁ፤ ካፖርቱን አወለቁ፤ እጃቸውንና ፊታቸውን በሳሙና ታጥበው መጡና ደረጃው ላይ ዘፍ አሉ። ጠብታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጮህኩብሽ» አሉ።

«ደግ አደረጉ፣ አባባ። ልገባ ነበር እኮ።»

«ይህ ነገር ቢቃጠል ይቃጠል። መጋዘኑም ቢቃጠል ይቃጠል። ከዚህ ቤት አንድ ሴት ሸኝቻለሁ፤ ይበቃኛል።»

ጠብታ እጅጌያቸውን ያዝ አደረገችና እንደያዘች ቆየች። ሾፌሩም አላስለቀቋትም። ሲሚንቶው ላይ ያለው ጭስ እየሳሳ እየሳሳ ሄደ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልነገርኩዎትም» አለች ቆይታ። «ብዙ ሆኖ በአንድ ዕቃ ከታጎረ እርስ በርሱ ይጋጋላል። በትንሽ በትንሹ ሲሆን ግን ፀባዩ ጥሩ ነው።»

«እንደ ተሳፋሪ በይኛ» አሉ ሾፌሩ። «አምስት ሲሆኑ ይተኛሉ፤ መቶ ሲሆኑ ጠብ ነው።»

ጠብታ ሳቀች። ሾፌሩም ሳቁ፤ ያኔ ድምፅም ነበረው።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ሌላ ሰው ሆኑ። በትንሹ መቀላቀል፣ የኩባያውን ግድግዳና ታች እየጠረጉ ማማሰል፣ ስስ አድርጎ ማፍሰስ፣ አንዱ ሽፋን ሳይዝ ሌላውን አለመድገም፤ ሁሉንም ያዙት። የተረፈ ጥሬ ሬዚን ፍሳሽ ውስጥ አይደፉም፤ ደርቆ ድንጋይ ሲሆን ነው የሚጥሉት። እራት ላይ ስለ አረፋ ያወራሉ። «ዛሬ አንዷ አረፋ አልወጣ ብላ ስታስቸግረኝ፣ ‹እመቤት፣ መጨረሻ ፌርማታ ነው› አልኳት» ይላሉ። ሬዲዮው አቧራ ጠጣ።

የመርፌው ቀን ሲደርስ ከሾፌሩ ይልቅ የፈራችው ጠብታ ናት። መርፌው ሁለተኛ የለውም። ሾፌሩ የመጀመሪያውን ሽፋን አፍስሰው እስኪይዝ ጠበቁ። ከዚያ መርፌውን በወረንጦ አንስተው በሰሃን እጃቸው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ቀስ ብለው አወረዱት። ክሩ ወደ ግራ ተጠቀለለ። ጠብታ አንዴ አንኳኳች። ቆሙ። በጣቷ መስታወቱ ላይ ቀፎው ውስጥ ሳለ የነበረውን የክሩን አተኛኘት ሳለችላቸው። ሾፌሩ ጣቷን እያዩ ክሩን በወረንጦው ጫፍ ገፋ፣ ሳብ፣ ገፋ አደረጉት። ሁለቴ አንኳኳች። ሁለተኛውን ሽፋን አፈሰሱበትና በሣጥን ከደኑት።

ደርቆ እስኪጨርስ ጠብታ አልነካችውም። ሾፌሩ ጠርዙን ራሳቸው፣ ብናኝ እንዳይነሳ በውኃ እያረጠቡ ፈግፍገው፣ አጥበው አመጡላት። እጇ ላይ ሲያርፍ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር። ወደ ብርሃን አነሳችው። አንዲት አረፋ እንኳ የለችም። መርፌው አየር ላይ የቆመ ይመስላል፤ ቀዩ ክር ዛሬ የገባ ነው የሚመስለው።

«አባባ፣ እንዲህ ያለ ሥራ እኔም ሠርቼ አላውቅ—» ቃሏን አቋረጠች። «ይሄ ምንድነው?»

ከክሩ አጠገብ አጭር፣ ጎበጥ ያለ ነጭ ፀጉር አለ።

ሾፌሩ ተቀብለው አዩት። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ቅንድባቸው ወጣ።

«መነጽሩ ላቦት ይዞብኝ... ለአፍታ ብቻ ከፍ አድርጌ ግንባሬን ባበስ...»

«አባባ!»

«አውቃለሁ። አውቃለሁ።»

«ቅንድቡ ይቅር፤ ዓይንዎ ውስጥ ጠብ ቢልስ ኖሮ?»

ሾፌሩ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ። ፀጉሩን ማውጣት ደግሞ አይቻልም፤ ሬዚን የያዘውን አይለቅም።

ፀጉር ሠሪዋ በማግስቱ መጣች። ዕቃውን በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን ሄደች። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«ፀጉሯም አለ» አለች። «አላየሁትም ነበር እኮ! ከክሩ ጋር ተጣብቆ ኖሯል። የእናቴ ፀጉር!»

ጠብታ አማቷን አየች። ሾፌሩ ጫማቸውን እያዩ ነው። ሴትየዋ እንባዋን ትጠርጋለች፤ ዝም ቢሉ ደስ ብሏት ትሄዳለች፤ ማንም አይጎዳም።

«ልጄ» አሉ ሾፌሩ። «አላስችል አለኝ። እሱ የኔ ቅንድብ ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ ዞራ አየቻቸው። ቅንድባቸውን አየች። ዕቃውን ዓይኗ ድረስ አስጠግታ አየች።

«ወይ ጉድ!» አለች። «ፀጉር ሠሪ ሆኜ ቅንድብና ፀጉር አልለይ ልበል!» ሳቁ ከለቅሶው ላይ መጣባትና ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ጠብታ በስንት ይቅርታ «እንደምንም ብለን ሌላ መላ እንፈልጋለን» ስትላት፣ እጇን አወዛወዘች።

«ተይው፣ እህቴ፣ ተይው! እናቴ ከስንት ዘመን ጀምሮ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ነው የኖረችው። ‹ረዥም ሰው ካገኘሽልኝ ንገሪኝ፤ አጭሩን ሞክሬዋለሁ› ትለኝ ነበር። ይኸው፣ ረዥም ሰው መጣላት!»

ሾፌሩ እስከ ጆሯቸው ቀሉ።

«ይኑር» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ዕቃውን በመሐረብ እየጠቀለለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ብቻዋን ከምትቀመጥ።»

ሾፌሩ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኟት። እስኪመለሱ ብዙ ቆዩ። ጠብታ የት እንደነበሩ አልጠየቀቻቸውም፤ ዓይናቸው ግን እንዳለቀሰ ሰው ቀልቶ ነበር፣ ፊታቸው ደግሞ የበራ።

ባሏ ከመስመር ዝርጋታው የተመለሰው መጋዘኑ ሙሉ በሙሉ የሥራ ቦታ ከሆነ በኋላ ነው። ጠብታ ሐሳቡን ታመነጫለች፣ አበባውን ታደርቃለች፣ ሰው ታነጋግራለች፣ የደረቀውን ትገጣጥማለች፤ ጥሬውን የሚነኩት ሾፌሩ ናቸው። የእጇ ቆዳ ተልጦ፣ ከሥሩ አዲስ ወጥቶ፣ አሁን ንጹሕ ነው።

ያን ዕለት እራት ላይ ሾፌሩ የቅንድቡን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረኩ። የፀጉር ሠሪዋን ድምፅ አስመስለው፣ የራሳቸውን ድንጋጤ አክለውበት፣ የጎረቤቷን ድመት ሳይቀር። ልጃቸው ማንኪያውን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ወደ ሚስቱ ጠጋ ብሎ «አባዬ ነው ይሄ?» አለ በሹክሹክታ።

«እሳቸው ናቸው። ምነው፣ አታውቃቸውም?»

ሾፌሩ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ጠብታም ሳትጠየቅ፣ እንደየማታው፣ ሁለት እጆቿን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች። ሾፌሩ ወደ መብራቱ አቅርበው ጣቷን አንድ በአንድ አዩ፣ አገላበጡ፣ አንጓዋን አዩ።

«ደህና ነው» አሉና ዳቦውን አቀበሏት።